የሌሊቷ ጉጉት፦ ስለ ሃይንከል 219 የሚወራውና እኔ የሚታየኝ

ጁን 11 ቀን 1943 ማታ፣ ሆላንድ ውስጥ ካለው የቬንሎ አየር ሰፈር ገና ሙከራ ላይ ያለች አንዲት የጀርመን የሌሊት ተዋጊ አውሮፕላን፣ ሃይንከል 219፣ ተነሣች። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ እየደጋገምኩ አልጽፈውም።) አብራሪው ሜጀር ቨርነር ሽትራይብ ነበር። ራዳር ኦፕሬተሩ ፊሸር ከኋላው፣ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጧል። እንግሊዞች በዚያ ሌሊት ዱሰልዶርፍን ሊደበድቡ በመቶ የሚቆጠሩ ቦምብ ጣዮች ልከዋል። ሽትራይብና ፊሸር በአንድ በረራ አምስቱን ጣሉ።

መመለሱ ላይ ነገር መጣ። ለማረፍ ሲቃረቡ ፍላፖቹ እምቢ አሉ። ፍላፕ ማለት ከክንፉ ኋላ ወደ ታች የሚዘረጋው፣ አውሮፕላን ፍጥነት ቀንሳ እንድታርፍ የሚያግዛት ክፍል ነው። ያለ እሱ የምትመጣ ከባድ አውሮፕላን እየበረረች ነው መሬት የምትነካው። ይህችም መንደርደሪያው ላይ ተሰባበረች። ኮክፒቱ ከቀረው አካል ተገንጥሎ ብቻውን ተንሸራተተ። ሲቆም ሁለቱም ሰዎች ምንም ሳይሆኑ ወጡ።

ስለ ሃይንከል 219 የሚጽፍ ሁሉ ከዚህች ሌሊት ይጀምራል። እኔም ይኸው። ልዩነቱ፣ ብዙው ጸሐፊ አምስቱን ቦምብ ጣይ ይዞ ይሮጣል። እኔን ግን የሚይዘኝ ፍላፑ ነው።

የጦር አውሮፕላን ወዳጆች ዘንድ አንድ የታወቀ ትረካ አለ። ጀርመን የዘመኑን ምርጥ የሌሊት ተዋጊ ሠርታ ነበር። ኤርሃርድ ሚልሽ የሚባል ግትር ባለሥልጣን ከቢሮው ሆኖ ገደላት። እሱ ባይኖር ኖሮ የእንግሊዝ ቦምብ ጣዮች አልቆላቸው ነበር። ጥሩ ታሪክ ነው፤ ጀግና አለው፣ ክፉ አለው። እኔ ግን ባነበብኩ ቁጥር ወደ ክፉው ሰውዬ እያደላሁ መጥቻለሁ።

ነገሩ ለምን በሌሊት ሆነ? እንግሊዞች በጦርነቱ መጀመሪያ በቀን ሞክረው ብዙ አውሮፕላን ከሰሩ። ስለዚህ ጨለማን መረጡ። ጀርመኖች ደግሞ ለሌሊት ተብሎ የተሠራ ተዋጊ አልነበራቸውም። ያላቸውን ነው የለወጡት። ሜሰርሽሚት 110 ለቀን ውጊያ ታስቦ የተሠራ ነው። ዶርኒየር 217 እና ዩንከርስ 88 ራሳቸው ቦምብ ጣዮች ነበሩ። አፍንጫቸው ላይ መድፍና አንቴና ተገጠመላቸውና የሌሊት ተዋጊ ተባሉ።

ይህን ሥራ ያደራጀው ጄኔራል ዮዜፍ ካምሁበር ነው። ሰማዩን በሳጥን በሳጥን ከፋፈለው። እያንዳንዱ ሳጥን መሬት ላይ የራሱ ራዳሮች፣ አየር ላይ የራሱ ተዋጊ አለው። የሰፈር ዘበኛ በሉት፤ ሌባው ወደ ሌላ ሰፈር ከተሻገረ የዚያኛው ዘበኛ ጉዳይ ነው። እንግሊዞች ይህ ሲገባቸው አውሮፕላኖቻቸውን በአንድ ጠባብ መስመር አጉርፈው በአንድ ሳጥን ላይ ማሳለፍ ጀመሩ። አንዱ ዘበኛ ተጨናነቀ፣ ሌሎቹ እጃቸውን አጣጥፈው ቀሩ።

ሃይንከል 219 ግን መጀመሪያም ለዚህ ሥራ አልታሰበችም። ንድፏ በ1940 ከሮበርት ሉሰር ጠረጴዛ ወጣ። ሉሰር ቀድሞ ሜሰርሽሚት ዘንድ ይሠራ የነበረ፣ በ110ኛው አውሮፕላን ላይም ትልቅ ድርሻ ያለው መሐንዲስ ነው። ወደ ሃይንከል ሲመጣ ያልነበረ ነገር ሁሉ አንድ ላይ ሊገጥም አሰበ። አየሩ የተመጠነ ኮክፒት። ከሩቅ የሚታዘዙ መትረየሶች። ከአፍንጫ በታች ጎማ፣ ያኔ ጀርመን ውስጥ ብዙም ያልተለመደ። አብራሪውን ከነወንበሩ ወደ ውጭ የሚያስፈነጥር መሣሪያ። የአቪዬሽን ሚኒስቴሩ ንድፉን አየና መለሰው። ምክንያቱ አጭር ነበር፦ አዲስ ነገር በዛበት።

ኤርንስት ሃይንከል ተናደደና ሉሰርን አባረረው። ሉሰር ፊዝለር ወደሚባለው ኩባንያ ሄዶ በኋላ ለንደንን ያሸበረችውን ቪ 1 በራሪ ቦምብ ከሠሩት አንዱ ሆነ። ይህን ሰው አትርሱት፤ እመለስበታለሁ።

ንድፉን ከመሳቢያ ያወጣው ካምሁበር ነው። በ1941 መጨረሻ አይቶት፣ ለሌሊት የምፈልገው ይኼ ነው ብሎ ያዘው። ኮክፒቱ ከሞተሮቹና ከክንፉ ፊት ወጣ ያለ ስለሆነ እይታው ሰፊ ነው። ለጨለማ አዳኝ ትልቅ ነገር ነው። ሥራው ሮስቶክ ላይ ተጀመረ። ከዚያ በአፕሪል 1942 እንግሊዞች ሮስቶክን ለተከታታይ ሌሊቶች ደበደቡ። ከንድፍ ወረቀቶቹ ብዙው ተቃጠለ። ቦምብ ጣይ ልታድን የምትሠራ አውሮፕላን ገና ወረቀት ሳለች በቦምብ ጣይ ተመታች ማለት ነው። ሥራው ወደ ቪየና ጥግ፣ ወደ ሽቬሻት ተዛወረ። የመጀመሪያዋ አውሮፕላን በኖቬምበር 1942 በረረች።

አሁን አውሮፕላኗን ራሷን እንያት። ሙሉ አካሏን ጠብቃ በዓለም የቀረችው አንዲት ብቻ ናት፤ ያለችውም እኛ ደጃፍ ነው። ከዋሽንግተኑ ደለስ ኤርፖርት አጠገብ፣ ቨርጂኒያ ቻንቲሊ፣ የስሚዝሶንያን አየርና ጠፈር ሙዚየም ሁለተኛው ቅርንጫፍ አለ። እንግዳ ልንቀበል፣ ሻንጣ ልናስመዝን በየጊዜው እናልፈዋለን። ዞር ብሎ የሚገባ ግን ጥቂት ነው። መግቢያው ነጻ ነው። ለመኪና ማቆሚያ ነው የሚከፈለው።

አንድ ጊዜ የሄድኩት ከአንድ ጋሼ ጋር ነው። ስማቸውን አልጠራም፤ አይወዱም። በደጉ ዘመን ደብረ ዘይት የአየር ኃይል ቴክኒሻን ነበሩ፣ ኤፍ 5 ላይ የሠሩ። እኔ ስለ ታሪኩ ስቀባጥር እሳቸው ዝም ብለው ሆዷን ያያሉ። መድፎቹ ያሉት እዚያ ነው። ከአብራሪው ዓይን ርቀው፣ ወደ ኋላ ገባ ብለው፣ ሆዷ ሥር በተሠራ ገበታ ላይ ተደርድረዋል። መድፍ በጨለማ አፍንጫ ላይ ከተተኮሰ ብልጭታው አብራሪውን ያሳውረዋል፤ እዚህ ግን አያየውም። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። ይህን የሠራው ሰው ያውቃል ማለታቸው ነው።

ቁመቷ ከአፍንጫ እስከ ጅራት 15 ሜትር ተኩል ይሆናል፣ ክንፏ ከጫፍ ጫፍ 18 ሜትር ተኩል። እግሯ ረጅም ስለሆነ ሰዎቹ በመሰላል ነበር የሚወጡት። አፍንጫዋ ላይ የራዳሩ አንቴናዎች ተገትረዋል። ጀርመኖቹ የአጋዘን ቀንድ ይሏቸው ነበር። አውሮፕላኗን ደግሞ ጉጉት አሏት፣ በቋንቋቸው ኡሁ።

ወደ ወንበሩ ስንደርስ ጋሼ ተነቃቁ።

«ወንበሩ በምንድን ነው የሚተኮሰው?» አሉኝ።

«በታመቀ አየር ነው ጋሼ።»

«በአየር? እኛ ጋ እኮ ሮኬት ነው። ፒኑ ሳይሰካ እጅህን እዚያ ውስጥ ብትሰድ አለቀልህ።»

«ያኔ ገና ጀማሪዎች ናቸዋ።»

«እሱስ ይሁን። አየሩ ቢያፈስስ? ማነው በየማታው ግፊቱን የሚያየው?»

መልስ አልነበረኝም። እሳቸውም አልጠበቁም። «ይህን ሁሉ የሚሞላ፣ የሚፈትሽ፣ የሚቀይር ሰው በጦርነት መሃል ከየት ይመጣል ልጄ?» ብለው ወደ ሞተሮቹ ሄዱ።

እውነቱን ለመናገር ኢጀክሽን ሲቱ የአውሮፕላኗ ትልቁ ክብር ነው። ለውጊያ ከተሰማሩት ሁሉ ለሠራተኞቿ እንዲህ ያለ ወንበር ይዛ የወጣች የመጀመሪያዋ እሷ ናት። ሐሳቡ ከዚያው ከሃይንከል ቤት የመጣ ነው። በጃንዋሪ 1942 የሙከራ አብራሪው ሄልሙት ሼንክ ሃይንከል 280 የተባለ አውሮፕላን በበረዶ ተይዞ አልታዘዝ ሲለው ወንበሩን ተኩሶ ወጣ። በአደጋ ጊዜ ሕይወቱን በዚህ መንገድ ያተረፈ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ዛሬ ተዋጊ አብራሪ ሁሉ የሚቀመጥበት ነገር ከዚያ ይጀምራል።

ወንበሩ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የሄንትስ ሽትሩኒንግ አሟሟት ይናገራል። ከታወቁት የሌሊት አብራሪዎች አንዱ ነው፤ በ219ኛዋም በርሯል። በ1944 የገና ዋዜማ ሌሊት ግን ያበርር የነበረው አሮጌውን ሜሰርሽሚት 110 ነው። ሞስኪቶ የሚባል የእንግሊዝ አውሮፕላን መታው። ዘሎ ሲወጣ የገዛ አውሮፕላኑ ጅራት ገጨውና ሞተ። ወንበሩ የተሠራው እንዲህ ያለውን ሞት ለማስቀረት ነበር።

ጋሼ ስለ ሃይንከል ሌላ ነገር አስታወሱኝ፣ ከርዕሴ ትንሽ ወጣ ይላል ግን ማለፍ አልቻልኩም። ደብረ ዘይት ያደገ ሁሉ የሚያውቀው ካውንት ካርል ጉስታፍ ቮን ሮዘን፣ ጣልያን ሲወረን ከስዊድን ቀይ መስቀል ጋር መጥቶ ቁስለኛ ያመላለሰባት አምቡላንስ አውሮፕላን የሃይንከል ፋብሪካ ሥራ ነበረች። ይኸው ሰው ከጦርነቱ በኋላ አየር ኃይላችንን በማቋቋም ለዓመታት ሠራ። በ1977 ጎዴ ላይ ሞተ። የአጋጣሚ ነገር ሆኖ ደግሞ የአክስቱ ባል የጀርመን አየር ኃይል የበላይ ኸርማን ጎሪንግ ነበር። የጎሪንግ የመጀመሪያ ሚስት ካሪን የቮን ሮዘን እናት እህት ናት። ባልየው የሌሊት ተዋጊዎቹን ሲያዝ የነበረው ሰውዬ ነው። ዓለም ጠባብ ናት ለማለት ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

ወደ ጨለማው እንመለስ።

የሌሊት ውጊያ ፊልም ላይ እንደምናየው አይደለም። መጠማዘዝ፣ መባረር ብዙም የለም። ኦፕሬተሩ ትንንሽ ስክሪኖች ላይ ተደፍቶ አረንጓዴ ብልጭታ ያነባል። «ትንሽ ቀኝ፣ ከፍ፣ ቀስ» ይላል። አብራሪው ከፊቱ ከጨለማው የጠቆረ ጥላ እስኪያይ ይከተላል። ጥላው ላንካስተር የሚባለው የእንግሊዝ ቦምብ ጣይ ነው። ውስጡ ሰባት ልጆች አሉ፣ ብዙዎቹ ሃያዎቹን ገና የጀመሩ። የሚያጠቃቸው ሰው ከታች መጥቷል። ላንካስተር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከሆዱ ሥር የሚያይ ዓይንም መሣሪያም አልነበረውም።

ጀርመኖቹ ይህን አወቁና መድፍ ወደ ላይ አዞሩ። ከአብራሪው ጀርባ፣ አፈሙዛቸው ወደ ሰማይ ያዘነበለ ሁለት መድፎች ተገጠሙ። ሽሬገ ሙዚክ ይሏቸዋል። ሐሳቡን ገፍተው ካመጡት አንዱ ሩዶልፍ ሾነርት የሚባል አብራሪ ነው። በ219ኛዋ ላይ 30 ሚሊ ሜትር መድፎች ናቸው፣ ወደ 65 ዲግሪ ያዘነበሉ። አብራሪው በዝግታ ከቦምብ ጣዩ ሥር ይገባል። ፍጥነቱን ያስተካክላል። ሆዱን አይመታም፤ ሆዱ ቦምብ ነው፣ ሁሉም አብሮ ይፈነዳል። ክንፉን ነው የሚመታው፣ ነዳጅ ያለበትን፣ በሞተሮቹ መካከል። ከዚያ ቶሎ ብሎ ወደ ጎን ያመልጣል።

ጥይቱ እንደ ወትሮው መስመር እየሠራ የሚያበራ አልነበረም። ስለዚህ ከጎን የሚበርሩት እንግሊዞች የሚያዩት አንድ ነገር ብቻ ነው። ደህና ሲበር የነበረ አውሮፕላን ያለምንም ምክንያት በእሳት ይበታተናል። ምን ብለው አሰቡ መሰላችሁ? ጀርመኖች የሚፈነዳ አውሮፕላን የሚመስል ልዩ መድፍ ከመሬት እየተኮሱ ሊያስፈራሩን ነው አሉ። ወፍ ማስፈራሪያ ብለው ስም አወጡለት። ለሠራተኞቹም ይኸው ይነገራቸው ነበር፤ አትደንግጡ፣ ውሸት ነው እየተባሉ። እንዲህ ያለ መድፍ ኖሮ አያውቅም። ያዩት ሁሉ እውነተኛ አውሮፕላን፣ የጓደኞቻቸው አውሮፕላን ነበር።

በጦርነቱ ሁሉ ከእንግሊዝ ቦምብ ጣይ ጦር 55,573 ሰው ሞቷል። ከታች ከተሞች ውስጥ የሞተው ሰላማዊ ሰው ደግሞ ከዚህ እጅግ ይበልጣል። ሃምቡርግ ላይ ብቻ በ1943 ክረምት ከ30 ሺህ በላይ። ይህን የምጽፈው ለማንም ላዝን ብዬ ሚዛን ለማስተካከል አይደለም። ስለ አውሮፕላን ስናወራ ስለ ምን እንደምናወራ ለማስታወስ ያህል ነው።

ሃምቡርግ ሌላም ነገር ቀየረች። ጁላይ 24 ሌሊት 791 ቦምብ ጣዮች ወደ ከተማዋ ሲሄዱ በጥቅል በጥቅል አልሙኒየም የተለበጠ ወረቀት ከሰማይ በተኑ። ቁራጩ 27 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ርዝመቱ የጀርመን ራዳሮችን ሞገድ ለማደናገር ተለክቶ የተቆረጠ። የጀርመን ስክሪኖች በሐሰት አውሮፕላን ተሞሉ። በዚያ ሌሊት የወደቁት ቦምብ ጣዮች 12 ብቻ ናቸው። የሚገርመው ሁለቱም ወገን ይህን ብልሃት ቀድሞ ያውቅ ነበር። ሁለቱም ደግሞ ጠላት ይማርብናል ብለው ደብቀውት ኖረዋል። የካምሁበር ሳጥኖች በዚያች ሌሊት አለቀላቸው። እሱም ዓመቱ ሳያልቅ ከቦታው ተነሣ። ሃይንከል 219 ትልቁን ደጋፊዋን ያጣችው ያኔ ነው።

እዚህ ላይ ነው የኔ ሐሳብ ከተለመደው የሚለየው። የሌሊቱን ጦርነት የወሰነው አውሮፕላኑ ሳይሆን ራዳሩ ነው። በሜይ 1943 አንድ ዩንከርስ 88 ከነሠራተኞቹ ከድቶ ስኮትላንድ አረፈ። እንግሊዞች የጀርመኑን ራዳር ፈትተው አዩት፣ ወረቀቱንም በልኩ ማዘጋጀታቸውን አረጋገጡ። ጀርመኖች ሞገዱ ረዘም ያለ አዲስ ራዳር ሠሩ፣ ኤስ ኤን 2 የሚባለውን። የአጋዘን ቀንድ ያልኳችሁ አንቴና የእሱ ነው። ወረቀቱ አልበገረውም። ማርች 30 ቀን 1944 ኑረምበርግን ሊመቱ ከሄዱት 795 ቦምብ ጣዮች 95ቱ አልተመለሱም። የእንግሊዞች ከሁሉ የከፋች ሌሊት ናት። በዚያች ሌሊት ዋናውን ሥራ የሠሩት ግን ጉጉቶች አይደሉም። አሮጌዎቹ ሜሰርሽሚት 110ዎችና ዩንከርስ 88ዎች ናቸው፣ አዲሱ ራዳር የተገጠመላቸው።

ከዚያ በጁላይ 1944 አንድ የጀርመን ዩንከርስ 88 አቅጣጫ ጠፍቶበት እንግሊዝ አገር ዉድብሪጅ ላይ አረፈ። ሰዎቹ አገራቸው የገቡ መስሏቸው ነበር። አውሮፕላኑ ኤስ ኤን 2ን ይዞ ነበር። እንግሊዞች ወዲያው ለእሱ የሚሆን ረዘም ያለ ወረቀት መበተን ጀመሩ። በአንድ የተሳሳተ ኮምፓስ የወራት ብልጫ ጠፋ። እንግዲህ 219ኛዋ የፈለገውን ያህል ጥሩ ብትሆን ለዚህ ምን ታደርገዋለች? አፍንጫዋ ላይ ያለው ያው ራዳር ነው።

ሚልሽ ይህን ሁሉ አስልቶ ነበር አልልም። ሰውዬው የምርት ኃላፊ ነው፤ የሚያየው ቁጥር ነው። በማርች 1943 በተደረገ ውድድር 219ኛዋ ዶርኒየር 217ንና ዩንከርስ 188ን በልጣለች፣ ሽትራይብ ራሱ አብርሯት። ሚልሽ ግን አልተዋጠለትም። ዩንከርስ 88 በፋብሪካ ውስጥ እየተመረተ ነው። መለዋወጫው አለ። ሜካኒኩ ያውቀዋል። አብራሪው ያውቀዋል። ሦስተኛ ሰው ስለሚጭን ለተጨማሪ መሣሪያና ለተጨማሪ ዓይን ቦታ አለው። 219ኛዋ የምትፈልገው ዲቢ 603 ሞተር ደግሞ ለሌሎች አውሮፕላኖችም የሚፈለግ፣ የሚሻሙበት ነው። በመጨረሻ 219ኛዋ ከ300 በታች ተሠርታ ቀረች። ዩንከርስ 88 በጠቅላላው 15 ሺህ ገደማ ተሠርቷል፣ የሌሊት ተዋጊው ብቻ በሺዎች።

ደጋፊዎቿ እዚህ ጋ አንድ ቁጥር ይመዛሉ። ከሽትራይብ በረራ በኋላ ባሉት አሥር ቀናት ሃያ የእንግሊዝ አውሮፕላን፣ ከነሱም ስድስቱ ሞስኪቶ ወደቁ ይላሉ። ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ሲገለበጥ ኖሯል። በጊዜው መዝገብ ግን የሚደግፈው ነገር አልተገኘም። ሞስኪቶ ከእንጨት የተሠራች፣ ፈጣን የእንግሊዝ አውሮፕላን ናት። እሷን ማሳደድ የ219ኛዋ ሥራ ይሆናል ተብሎ ነበር። በተግባር ግን አንቴናና መድፍ ተሸክማ መድረስ ብዙ ጊዜ አቃታት። እንግሊዛዊው የሙከራ አብራሪ ኤሪክ ብራውን ከጦርነቱ በኋላ አብርሯታል። ኮክፒቷን ወደደ፣ መሣሪያዋን አደነቀ። የሞተሯ ጉልበት ግን ለክብደቷ አይበቃም አለ።

ሌላም አለ። ከሌሊት አብራሪዎች ሁሉ ብዙ የጣለው ሃይንትስ ቮልፍጋንግ ሽናውፈር ነው፣ 121 አውሮፕላን ተመዝግቦለታል። ያበረረው ምንድን ነው? ሜሰርሽሚት 110 ነው፣ ያ አሮጌው።

ያለ አድልዎ ለመናገር የሚልሽ ውሳኔም እንከን አለው። ተንገዳግዶ ነው የወሰነው። አንዴ ይከለክላል፣ አንዴ ይፈቅዳል። በዚህ መሃል ሃይንከልም በእጅ አዙር ማምረቱን ቀጠለ። ወይ ቶሎ መዝጋት ነበረበት፣ ወይ ከልብ መሥራት። ጥቂት ጥቂት እየተሠራች በአንድ ክፍለ ጦር ዙሪያ የቀረች አውሮፕላን የሁለቱንም ወገን ጉዳት ነው የተሸከመችው፤ ወጪው አለ፣ ብዛቱ የለም።

አሁን ሉሰር። ከጦርነቱ በኋላ አሜሪካኖች ወሰዱት። ሚሳይሎች ለምን እንደሚከሽፉ እንዲያጠና ተደረገ። የደረሰበት ነገር ዛሬ የሉሰር ሕግ ይባላል። በተከታታይ የተያያዙ ዕቃዎች ሁሉ መሥራት ካለባቸው፣ የጠቅላላው አስተማማኝነት የእያንዳንዱ አስተማማኝነት እርስ በርስ ተባዝቶ የሚገኘው ነው። ስሌቱን እንየው። አንድ ዕቃ ከመቶ ጊዜ ዘጠና ዘጠኙን በትክክል ይሠራል እንበል። አንድ መቶ እንዲህ ያሉ ዕቃዎች ሁሉም መሥራት አለባቸው። ጠቅላላው ማሽን በትክክል የሚሠራው ከመቶ ወደ 37 ጊዜ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ዕቃ ምርጥ ነው፤ ማሽኑ ግን ከግማሽ በላይ ይከሽፋል።

አዲስ ነገር አብዝተሃል ተብሎ ንድፉ የተመለሰበት፣ ከሥራ የተባረረው ሰው ነው ይህን ያሰላው። ሲያሰላ ያቺ የ1940 ንድፍ ትዝ ብላው እንደሆነ ብጠይቀው ደስ ይለኝ ነበር። በነገራችን ላይ በኋላ እግር የሚሰብር አደጋን የሚቀንስ የበረዶ ሸርተቴ ማሰሪያ ሠርቷል። ሰውዬው ዕረፍት የሚባል ነገር አያውቅም።

አንድ ነገር ሳልጽፍ ካለፍኩ ግን የቀረው ሁሉ ሐሰት ይሆንብኛል። ይህችን አውሮፕላን የሠራት ማነው? ሉሰር ነደፋት፣ ካምሁበር ገፋት፣ ሽትራይብ አበረራት እንላለን። ሽቬሻት ላይ ብረቷን የበሱት፣ የገጠሙት ግን ከ1943 ጀምሮ በብዛት እስረኞች ናቸው። የማውትሃውዘን ማጎሪያ ካምፕ እዚያው አየር ሜዳው ላይ ቅርንጫፍ ከፍቶ ነበር። በረሃብና በዱላ ነው ያሠሯቸው። በጁን 1944 አሜሪካኖች ፋብሪካውን ሲደበድቡ ከሞቱት መካከል እነሱም ነበሩ። ከዚያ የተረፉት ወደ ቪየና ሌላ ሰፈር፣ ወደ ፍሎሪድስዶርፍ ተወሰዱ። ያ የሽቬሻት አየር ሜዳ ዛሬ የቪየና ዓለም አቀፍ ኤርፖርት ነው። ከአዲስ አበባ በቀጥታ በረራ ቪየና የገባችሁ ሁሉ እዚያ ነው ያረፋችሁት።

የአውሮፕላን ወዳጆች ይህን ክፍል ሲዘሉት ይናድደኛል። ስለ ሞተሩ ፈረስ ጉልበት ሦስት ገጽ ጽፈው ስለ እስረኞቹ አንድ መስመር። ከዚያም ሚልሽ ባይኖር ኖሮ ብዙ በተሠራች ነበር ብለው ያዝናሉ። ብዙ ብትሠራ ኖሮ ማን ነበር የሚሠራት?

ለመሄድ ያሰበ ካለ፣ ቻንቲሊ ያለችው አውሮፕላን በ1945 ዴንማርክ፣ ግሮቭ ላይ የተማረከች ናት። ሪፐር በተባለች የእንግሊዝ መርከብ ከሌሎች የጀርመን አውሮፕላኖች ጋር ተጭና አሜሪካ ገባች። ለአሥርት ዓመታት መጋዘን ውስጥ ተኝታ፣ እድሳቷም ዓመታት ፈጅቷል። ኢኖላ ጌይ፣ ሂሮሺማ ላይ ቦምብ የጣለችው፣ እዚያው አዳራሽ ውስጥ ናት። ሰው ሁሉ ወደ እሷ ስለሚሄድ ጉጉቷ ጋ ግፊያ የለም። የሁለተኛዋ ቅሪት በ2012 ዴንማርክ ሰሜን ዳርቻ ከባሕር የወጣ ነው፤ እሱ ኦልቦርግ ከተማ ሙዚየም ይታያል። ቻንቲሊ ከሄዳችሁ አፍንጫዋ ላይ ብቻ አትቁሙ። ጎንበስ ብላችሁ ሆዷ ሥር ያለውን የመድፍ ገበታ እዩት፣ ከዚያ ደግሞ ወደ ኋላ ዞራችሁ የክንፉን ጀርባ። ፍላፑ እዚያ ነው።